በጣም ያማረው ፊርማ

እኛ የባንክ ቅርንጫፍ ውስጥ ፊርማ የምታመሳክረውን ሴት ሁሉም «ባትሪ» ነው የሚላት። አጭበርባሪ እሷን አልፎ አያውቅማ! አጠገቧ ስለምቀመጥ አያታለሁ፤ አንድ ቦታ አታርፍም። ብድግ ቁጭ፣ ብድግ ቁጭ፣ እኔን ነው የሚደክመኝ።

አዲሱ የመንግሥት መመሪያ ከወጣ ወዲህ ደግሞ ባሰባት። ሐሰተኛ ቼክ አገሩን ሲያጥለቀልቀው፣ እንደ ድሮው «ፊርማው አይመሳሰልም» ብሎ መመለስ ቀረ። የተጠረጠረ ቼክ ሁሉ፣ ባለቤቱ እስከ መዝጊያ ሰዓት ራሱ ቀርቦ ካላስረዳ፣ በቀጥታ ለፖሊስ ይላካል። አይቶ ዝም ያለ ሠራተኛም አብሮ ይጠየቃል። ደግ አደረጉ፤ ሌባው በዝቶብን ነበር።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ታዲያ አንድ ቼክ ይዛ ድርቅ አለች። የአባቷ ነው። የግንባታ ዕቃ ሻጭ ናቸው፤ ለሲሚንቶ አምጪው የጻፉት።

አየሁት፤ ፊርማው ባንኩ ከያዘው ናሙና ጋር ቁርጥ አንድ ነው። «ምን ሆንሽ? ይሄማ አምሯል!» አልኳት።

«እሱ ነዋ ችግሩ!» አለችኝ በሹክሹክታ። «አባዬ እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ቆየ እኮ። ሸሚዙን እንኳ እማዬ ናት የምትቆልፍለት። እንዳላየሁ እሆናለሁ እንጂ።»

«በናትሽ እለፊው!»

«ነገ ሌላ ሰው ፈርሞ ቢያወጣበትስ?»

ስልኩን አነሳች፣ አስቀመጠች፣ እንደገና አነሳች። «አባዬ፣ ቼኩን ማነው የፈረመው?»

የሽማግሌው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። «ምነው፣ አላማረም እንዴ? እናትሽ ስንቴ ተለማምዳ...»

«አምሯል አባዬ። በጣም አምሯል። አሁኑኑ ካልመጣህ ግን እማዬን ፖሊስ ይወስዳታል።»

«ሰው ሁሉ ፊት ልፈርም?»

«አዎ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አትጠይቁኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ ትላለች። ቼኩን ከእሷ የተቀበለው ሥራ አስኪያጅ የፖሊሱን ፖስታ አዘጋጅቶ ሰዓቱን ያያል።

ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል ባልና ሚስቱ ገቡ። የአባትየው ቀኝ እጅ ኪሳቸው ውስጥ ነው። ሥራ አስኪያጁ አዲስ የናሙና ካርድ አቀረበላቸውና «አባባ፣ እጅዎ እንደሆነለት ይፈርሙ። ቼኩን ከዚያ በኋላ እንቀይረዋለን» አላቸው።

እጃቸውን አወጡ። አይ እጅ! እስክሪብቶው ሁለቴ ወደቀባቸው። ልጅቱ ልታነሳላቸው ስትጠጋ፣

«ልጄ፣ አንቺ ዘወር በይልኝ» አሏት።

ዘወር አለች። እሳቸው ፈርመው እስኪጨርሱ ድረስ ግድግዳውን እያየች አለቀሰች።