ጥላ ሰፊው ሷሊሕና የቁራ አምባ ነፋስ

አያ ሷሊሕ ጥላ ሰፊው ተጠመቁ ተባለ። ወሬው ቁርሱን አዲስ ዓለም በልቶ፣ ምሳውን አዘዞ አድርጎ፣ ለእራት ሳንጃ ሲደርስ የክርስትና ስም ሁሉ ወጥቶላቸው ነበር፦ ተክለ ጊዮርጊስ። ምንጩ አንድ የሚኒባስ ተሳፋሪ ነው። ከጁምዓ ሶላት ቀርተው የማያውቁት የስድሳ ስምንት ዓመቱ ሽማግሌ፣ በጥቅምት አቦ ዕለት ድብ ባሕር ላይ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው፣ የታቦት ጥላ በትከሻቸው ተሸክመው፣ ከምእመናኑ ጋር ወደ ቁራ አምባ ሲወጡ በዓይኑ በብረቱ አይቷል። ከዚህ በላይ ምን ምስክር ይፈለጋል?

ባለቤታቸው እትዬ ሙሚና ወሬውን የሰሙት ሽንኩርት ሲገዙ ነው። «እኔ ያገባሁት ሷሊሕን ነው» አሉ የበሰበሰውን ወደ ጎን እያደረጉ። «ተክለ ጊዮርጊስ የሚባለው ሰው ከፈለገኝ ሽማግሌ ይላክ።»

እውነቱን ልንገራችሁ። አያ ሷሊሕ አልተጠመቁም። የዚያን ዕለት የነካቸው ውሃ የጥቅምት ጤዛ ብቻ ነው። ጫማቸውን ያወለቁትም አዲስ ስለነበረ ጭቃ ማስነካቱ አሳዝኗቸው ነው። ወደ ተራራው የወሰዳቸውን ነገር ግን የጎንደር ወሬኛ ሁሉ ተሰብስቦ ቢመክር አይደርስበትም። አያ ሷሊሕ የወጡት ነፋስ ለማየት ነው።

ጎንደር አዲስ ዓለም ሰፈር ባለችው ጠባብ ሱቃቸው አርባ ዓመት ጥላ ሰፍተዋል። ጥላ ስል ዝናብ የምንሸሽበትን አይደለም፤ በንግሥ ቀን ታቦት ሲወጣ ከላዩ የሚዘረጋውን፣ ከፋይ የለበሰውን፣ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ የተንጠለጠለበትን ነው። የተሳለ ሰው ስለቱ ሲሰምርለት ጥላ ያስገባል። ጨርቁን አያ ሷሊሕ ይሰፋሉ፣ መስቀሉን ሌላ ሰው ይጠልፋል። ይህ ከአባታቸው የመጣ ደንብ ነው፤ ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም ቅር ያለው ሰው አልነበረም።

ከደንበኞቻቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱት የቁራ አምባን ሰዎች ነበር። ክረምት አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ከሱቁ ደጃፍ ቆሞ አንገቱን ለሰገገ ሰው የተራራው ጫፍ ከጣሪያዎቹ በላይ ይታያል፣ እንደ ሕፃን የመጀመሪያ ጥርስ። እዚያ ጫፍ ላይ አቦ አሉ። ከሥሩ የሚኖር ሰው ሲምል ፊቱን ወደ ተራራው አዙሮ ነው፤ ሙሽራ ከአባቷ ቤት ስትወጣ መጀመሪያ የምትሳለመው እሱን ነው፤ አልቃሽም ሟቹን ከእሱ ጋር ካላወዳደረች እንባ አይወርድላትም። ጥላ ለመውሰድ የመጡ ሴቶች ደጃፉ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቁ የሚሉት ዜማ አለ፦

ከደመናው በላይ ያለኸው ተራራ፣
ዓይኔ ደርሶ መጣ፣ እግሬ ነው የፈራ።

አያ ሷሊሕ ይህን ግጥም መርፌ ሲያጎርሱ ያንጎራጉሩታል። እትዬ ሙሚና «መንዙማ ጠፍቶ ነው?» ሲሏቸው ክሩን በጥርሳቸው በጥሰው ደግሞ ይጀምሩታል።

በየዓመቱ ኅዳር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ጠባቂ አያ ክንዱ የተቀደዱ ጥላዎች በአውቶቡስ ጭነው ይመጣሉ። «ስፋልኝ» ይላሉ፣ ሌላ አይጨምሩም። ቅዳዱ ሁልጊዜ ከመስቀሉ በስተቀኝ፣ ጠርዙ ላይ፣ አንድ ስንዝር ያህል ነው። አያ ሷሊሕ ቅዳዱን በጣታቸው ይዳስሱትና ያሸቱታል። ጥድ ጥድ ይላል። ከዚህ ተነስተው የተራራውን ነፋስ አወቁት። ከቀኝ ይመጣል። ኃይለኛ ነው። ጥድ ይሸታል። ያላዩትን ነፋስ ጠባይ እንደ ጎረቤት ጠባይ ይተርኩት ነበር፤ እኛም የሰፈሩ ሰዎች አፋችንን ከፍተን እንሰማ ነበር። በየዓመቱ ቀኙን ጎን ያጠብቃሉ፣ በየዓመቱ ነፋሱ ያሸንፋቸዋል።

«ሴት ልጅ ድሬ እንደምልክ ቁጠሩት» ይሉ ነበር። «ስንቷን ዳርኩ! አንድም ቀን መልስ ተጠርቼ አላውቅም።» ይህን ሲሉ የሚስቅ ሰው የለም፤ እሳቸውና እትዬ ሙሚና ልጅ አልወለዱማ።

ከዚያ አገር ታወከና መንገድ ተዘጋ። ዓመት አለፈ፣ ሌላም ዓመት ተከተለ፣ አያ ክንዱም ጥላውም ቀሩ። አያ ሷሊሕ በጠራ ቀን ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ሰሜን ሲያዩ ይውላሉ። እትዬ ሙሚና «ማን ይመጣል ብለህ ነው?» ቢሏቸው «ማንም» ይላሉ።

መንገዱ እንደተከፈተ መጀመሪያ የመጣችው የትነበርሽ የምትባል የቁራ አምባ ሥር ገበሬ ናት። በዚያ በዝግ ዘመን ልጇን ጽጌሬዳን ምጥ ይዟት፣ ሐኪም ቤት መድረሻ ጠፍቶ፣ «አቦ፣ ልጄን በሰላም ብትገላግልልኝ ጥላ አስገባለሁ» ብላ ተስላለች። ጽጌሬዳም ተገላገለች።

አያ ሷሊሕ አሁን ከነፋሱ ጋር ለየላቸው። ቀዩን ከፋይ በሁለት ገበር ደረቡት። ጠርዙን ሰም በተቀባ የጫማ ሰፊ ክር ሰፉት። በቀኝ በኩል ከገበሩ ውስጥ ስስ ቆዳ አስገቡ። ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ወጥረው ጎተቱት፤ ንቅንቅ አላለም።

«ይህማ የልጅ ልጄ ልጅ ያየዋል!» አለች የትነበርሽ። «ምነው አያ ሷሊሕ፣ ዘንድሮ አብረውን ቢወጡ?»

«ምን ብዬ?»

«ምን ይላሉ፣ ጥላ ተሸክመው ነዋ!»

አያ ሷሊሕ ወደ ሚስታቸው ዞሩ። እትዬ ሙሚና «ሂድ» አሉ። «አርባ ዓመት ወደዚያ እያየህ አንገትህ ጠመመ። ሂድና አይተኸው ተመለስ፣ እኔም ባሌን ላግኘው።»

ሄዱ። ድብ ባሕር ከማኪና ወርደው አቀበቱን ሲጀምሩ ጎሕ እየቀደደ ነበር። ጉልበታቸው በየአሥር እርምጃው ይሟገታቸዋል። ጥላውን ግን «እኔ ልያዝልዎ» ላላቸው ሁሉ እምቢ አሉ። ረፋድ ላይ ጫፉ ላይ ደረሱ። ደመናው ከእግራቸው በታች እንደ ተነደፈ ጥጥ ተኝቷል። ጥላውን ለዲያቆኑ አስረክበው ከድንጋዩ አጥር ውጭ ቆሙ። አያ ክንዱ ሥራቸውን ለልጃቸው አስረክበው ስለነበር መጥተው አጠገባቸው ቆሙ።

አያ ሷሊሕ አንገታቸውን ወደ ቀኝም ወደ ግራም አዞሩ። ቅጠል አይንቀሳቀስም።

«አያ ክንዱ፣ ነፋሱ የታለ?»

«የምን ነፋስ?»

ያን ጊዜ ሽታው መጣባቸው። ጥድ። ቀና ሲሉ የአጥሩ በር ላይ አንድ የጥንት ጥድ አዩ፤ አንድ ቅርንጫፉ በበሩ ላይ ዝቅ ብሎ ተጋድሟል። ከቀኝ በኩል።

ታቦቱ ሲወጣ ደወሉ ተደወለ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ቀዩ ጥላ ተዘረጋ። አያ ሷሊሕ አዩት። ዘርፉ በፀሐይ ሲያብረቀርቅ፣ ከኋላው ሰማይ ብቻ ሆኖ፣ አዩት። ጥላው በሩ ጋ ሲደርስ የጥዱ ቅርንጫፍ ቀኝ ጠርዙን ያዘው፣ ጎተተው፣ ተወጠረ፣ ከዚያ ሸርተት ብሎ ለቀቀው። ክሩ አልተበጠሰም።

አያ ሷሊሕ «አልሐምዱሊላህ!» አሉ ጮክ ብለው።

እልልታው ግን ተቋርጦ ነበር። የትነበርሽ መዳፏን አፏ ላይ ጭናለች።

«ምን ሆኑ?» አሉ አያ ሷሊሕ።

አያ ክንዱ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገሯቸው። አዲስ ጥላ መጀመሪያ ሲወጣ ጥዱ ይሳለመዋል። ሲሳለመው ይቀደዳል። ሲቀደድ ስለቱ ተቀባይነት አገኘ ይባላል። አባትም አያትም እንዲሁ ነው ያወቁት።

«አርባ ዓመት ሙሉ ምነው አልነገሩኝም?»

«ምልክት አይነገርም፣ ሲያወሩት ይበናል። ደግሞም ሷሊሕ፣ የምታውቅ መስሎኝ። ስንቱን ቅዳድ አሽትተህ!»

አያ ሷሊሕ እጃቸው ኪሳቸው ገባ። የክር መቁረጫ ትንሿ መቀስ ከኪሳቸው ተለይታ አታውቅም። ታቦቱ ቤተ ክርስቲያኑን ሦስት ጊዜ ዞሮ በዚያው በር እስኪመለስ መቀሷን እንደጨበጡ ቆሙ። ሦስት ስፌት መቁረጥ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን አጥሩ አለ፣ ታቦቱ አለ፤ ተራራ ደግሞ አይሸነገልም። በመልሱ ጥላ ያዡ ዲያቆን ጥላውን ከፍ አድርጎ ወደ ቅርንጫፉ ጠጋ አለ፤ ሁሉም አየው፣ ሁሉም እንዳላየ ሆነ። ጥዱ ተወዛወዘ፣ ጤዛ አራገፈ። የጫማ ሰፊው ክር አሁንም ያዘ።

ቄሱ «ስለት የሚቀበለው እግዚአብሔር ነው እንጂ ዛፍ አይደለም» ብለው አስተማሩ። ሁሉም አሜን አለ። ፊቱ የተፈታ ሰው ግን የለም።

ቁልቁለቱን ሲወርዱ የትነበርሽ ክንዳቸውን ያዘቻቸው። «አያ ሷሊሕ፣ ሥራዎ እኮ ሸጋ ነው» አለች። አንድ ሰው ሰድቧቸው ቢሆን ይሻላቸው ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ ልትሸኛቸው የተሳፈረችው የትነበርሽ በግራቸው፣ ለገበያ ጎንደር የሚወርዱት አያ ክንዱ በቀኛቸው ተቀመጡ። ጠዋት ሲወጡ ያያቸው፣ አሁን ከፊት የተቀመጠው ተሳፋሪ በመስታወት እያያቸው ወሬውን ያን ጊዜውኑ መስፋት ጀምሮ ነበር። ተራራው በኋላ መስኮት እያነሰ፣ እያነሰ ሄደ። አያ ሷሊሕ አንገታቸውን አዙረው ጫፉ እስኪጠፋ አዩት። ከዚያ ወደ ሁለቱ ዞሩ። የትነበርሽ ጭኗን ታያለች፣ አያ ክንዱ መቋሚያቸውን።

«በሌለሁበት አርባ ዓመት ሲነካኝ ኖሮ፣» አሉ፣ «በመጣሁ ቀን ምነው እጁን ሰበሰበ?»