ሁለቴ የተሰናበተው ላይል

እኔ የቤዝቦል ኳስ ቀላቢ ነኝ፤ ግን ጨዋታ ላይ የማታዩኝ ዓይነት። ወርዋሪዎቹ ወደ ሜዳ ከመግባታቸው በፊት ከአጥሩ ጀርባ ሆነው ክንዳቸውን የሚያሟሙቁት ወደ እኔ ጓንት እየወረወሩ ነው። ቡድናችን «እንደ አዲስ እየተገነባ ነው» ከተባለ ወዲህ ስማቸውን ሳልለምደው የሚሄዱት በዝተውብኛል። አለቆቹ ያረጀ ወርዋሪ በርካሽ ያመጣሉ። እስከ ሐምሌ ደህና ከወረወረ ዋንጫ ለሸተተው ቡድን ይሰጡትና በምትኩ ጢም ያላወጡ ልጆች ይቀበላሉ። ካልሆነለት ያባርሩታል። ግንባታ እቴ!

ላይል ሃቨርኮርንም እንዲሁ መጣ። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የቡድኑ ልጆች «አባባ» ይሉታል። ያልዞረበት ቡድን የለም፤ ዋንጫው የሚለይበትን የጥቅምት ጨዋታ ግን አንድም ጊዜ አልተጫወተም።

«አንድ ጥቅምት ብቻ» ይለኝ ነበር፤ «ከዚያ በኋላ ክንዴ እንደ ፍጥርጥሩ ይሁን።»

ሚስቱ ከተለየችው ቆይቷል። ልምምድ አልቆ ሁሉም ወደየቤቱ ሲበተን እሱ የፈታውን የጫማ ክር መልሶ ያስራል። ባዶ ቤት መግባት ከብዶት እንደሆነ እናውቃለን፤ ማንም ግን አያነሳበትም።

ዝውውር የሚዘጋበት ቀን ግሩም አድርጎ እየወረወረ ሳለ አሰልጣኙ ገና በሦስተኛው ዙር ሜዳ ገብቶ ኳሱን ተቀበለውና አስወጣው። እኛ ዘንድ በዚያ ቀን ደህና የሚወረውር ሰው ያለ ምክንያት ከወጣ፣ ተሸጧል ማለት ነው። ቀድሞ የሚነግርህ የለም፤ ጓደኞችህ ተነስተው ሲያቅፉህ ታውቀዋለህ። አንድ በአንድ አቀፉት። እኔም ከአጥሩ ጀርባ ሮጬ መጣሁ።

«ሂድ አባባ፤ እዚያ ሄደህ ደግሞ እንዳትኮራብን» አለው አንዱ።

«አንተ ላይማ እኮራብሃለሁ» አለ ላይል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጥቅምት ላይ ና፤ ወንበር አስይዝልሃለሁ» አለኝ። ተመልካቹም ብድግ ብሎ አጨበጨበለት።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል አሰልጣኙ ስልክ አናግሮ ተመለሰ። 

«ላይል፣ ሊወስዱህ የነበሩት የትከሻህን ራጅ አይተው ትተውታል። አልሄድክም።»

አግዳሚው ላይ ያለው ሁሉ መሬት መሬት አየ። ላይል ጥግ ሄዶ ተቀመጠና፣ «ታዲያ እቅፋችሁን ልመልስላችሁ?» አለ። አንዱ ሊስቅ ጀምሮ ተወው።

ከዚያ በኋላ ልጆቹ ለቅሶ ቤት እንደገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉት ጀመር። የመወርወር ተራውንም ለአንዱ ጢም አልባ ሰጡበት። የማይሸጥ ሽማግሌ ለግንባታቸው ምን ያደርግላቸዋል? በሳምንቱ አሰናበቱት።

ሻንጣውን ይዞ የልብስ መቀየሪያው በር ላይ ቆሞ አየን። እኛም አየነው። የሚባለው ሁሉ ያን ባቀፍነው ቀን ተብሏል፤ ሰው ሁለተኛ እንዴት እንደሚሰናበት የሚያውቅ ከመካከላችን አልነበረም። የተነሳም የለም።

«በሉ እሺ» ብሎ ወጣ።