የተውሶ ምላስ

ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ጠማቂዎቹ ማኅበር የገባው ቢራ ወዶ አይደለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የቅዳሜ ከሰዓት አልገፋ ብሎት ነው። የአናጺውን የውሃ መስመር ሊጠግን ሄዶ፣ ከመጋዝ ማሽኑ ጀርባ ስምንት ሰዎች ቤታቸው የጠመቁትን ቢራ እያቀማመሱ ሲከራከሩ አገኘና መፍቻውን እንደያዘ ቁጭ አለ። በዚያው ቀረ።

ያስተማሩት ከስምንቱ አንዱ፣ መምህሩ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የኬሚስትሪ መምህር። ብቅሉ በደንብ ሲቆላ ቢራው እንደሚጠቁር፣ ስንዴ ሲገባበት እንደሚደፈርስ፣ እርሾው ሙቀት ሲበዛበት የሙዝ ሽታ እንደሚያመጣ አንድ በአንድ እያስቀመሱ አሳዩት። ሰውየው ለካ ምላስ ነበረው! ስድስት ወር ሳይሞላው፣ ገና ቆርኪው ሲነሣ "ይሄ ቶሎ ታሽጓል" የሚል ሆነ። ያንን ምላስ ስድሳ ዓመት ሙሉ ለሻይና ለሲጋራ ሲያባክነው ኖሯል፤ የሰው ነገር እንዲህ ነው።

ከዚያ መምህሩ ታመሙ። መድኃኒቱ ዕድሜያቸውን ገፋ አደረገላቸው፤ በምትኩ ጣዕምና ሽታ የሚባል ነገር ወሰደባቸው። አንድ ቀን ኩሽናቸው ውስጥ የቧንቧ ሠራተኛውን እጅ ያዝ አደረጉ።

"መጥመቁን ከተውኩ የሚቀረኝ አልጋው ነው" አሉት። "እጄ አሁንም ሥራውን አልረሳም። ምላስህን አውሰኝ። ሲበላሽብኝ ሳትሳቀቅ ንገረኝ፣ በጊዜ አቆማለሁ። ሰው እንዲስቅብኝ አልፈልግም።"

"እሺ መምህር፣ ምን ገዶኝ" አለ።

ከዚያ ወዲህ ከጠመቋቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥሩ ነበሩ፣ ጥሩ ናቸው አለ። ሦስተኛው የራሰ ካርቶን ይሸታል፣ ኋላ ላይ ደግሞ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይላል። ቀና ሲል መምህሩ ኮታቸው ሰፍቷቸው፣ ዐይናቸውን አፉ ላይ ተክለው ይጠብቃሉ። አንጀቱን በሉት።

"ግሩም ነው" አለ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"ከዋሸሁ ዐይኔን ግንባር ያድርገው።"

ዐይኑ ግንባር አልሆነም፤ ቢሆን ይሻል ነበር።

ጥፋቱ ከምን እንደመጣ ደግሞ ያውቃል፤ እሱ ካላወቀ ማን ይወቅ? ቢራውን ከባልዲው ወደ ጠርሙስ የሚያወርዱበት ቱቦ ውስጡ ዝልግልግ ነገር ይዟል። አፍንጫ ያለው ሰው አንዴ አሽትቶ ይጥለዋል፤ መምህሩ ግን በውሃ ለቅለቅ አድርገው መልሰው ይሰቅሉታል። ሁለት ሜትር አዲስ ቱቦ ቆርጦ መስጠት ለእሱ ምንም አልነበረም። ግን "ለምን?" ቢሉትስ? ለዚያ ለመመለስ የመጀመሪያውን ውሸት መግለጥ ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ለአራተኛውም ለአምስተኛውም ግሩም ነው አለ። ውሸት ሲለምዱት እንደ ጫማ ይሰፋል።

ማኅበሩ አንድ ልማድ አለው። በዓመት አንዴ ሁሉም ጠርሙሱን ያለ ስም፣ ቆርኪው ላይ ቁጥር ብቻ ጽፎ ያመጣል። ሁሉም ቀምሶ ፍርዱን በወረቀት ይጽፋል፤ አናጺው ወረቀቱን ሁሉ ጮክ ብሎ ያነባል። ባለቤቱ ዝም ብሎ ይሰማል እንጂ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። መምህሩ ሳምንት ሲቀረው "ዘንድሮ የእኔንም ላቅርብ?" ብለው ጠየቁት። የዚያን ቀን እንኳ መናገር ይችል ነበር፤ እውነትና ንጋት እያደር እንደሚጠራ ያጣው ሰው አይደለም። "ያቅርቡ እንጂ" አለ፣ ፈሪ።

"ቁጥር አራት" አለ አናጺው መነጽሩን እያስተካከለ። "የራሰ ካርቶን። ሁለተኛው፣ ኮምጣጤ ነው፣ ሰላጣ አምጡ ይላል። ሦስተኛው፣ ጠማቂው አፍንጫውን ቤት ረስቶት ነው ወይ የመጣው?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ። በክፋት የሳቀ የለም፣ የማን እንደሆነ አያውቁማ። መምህሩም አብረው ፈገግ አሉ፤ ፊታቸው ግን አመድ መሰለ።

የመጨረሻው ወረቀት "ግሩም ነው፣ እንከን የለውም" ይላል። አናጺው "ይሄኛውስ ሰክሯል" አለና እንደገና ተሳቀ። መምህሩ ቀና ብለው ቧንቧ ሠራተኛውን አዩት፣ ወዲያው ደግሞ እጃቸውን ማየት ጀመሩ።

ወደ ቤት ሲመለሱ የጠርሙሱን ሳጥን እሱ ተሸከመ።

"መምህር፣ እኔ እኮ…"

"አውቃለሁ፣ አዝነህልኝ ነው" አሉት፣ ቁጣ በሌለበት ድምፅ። "የሚያዝንልኝ ሞልቷል፤ ሐኪሙ አለ፣ እህቴ አለች። ካንተ የፈለግሁት ሌላ ነበር።"

ባልዲውንም ቱቦውንም በማግስቱ ለአናጺው ላኩለት። ቧንቧ ሠራተኛው ግን ቅዳሜ ቅዳሜ መሄዱን አልተወም። መምህሩም ደህና አድርገው ይቀበሉታል፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያጫውቱታል። እያደር ከአልጋ መነሣት አቃታቸው።

ባለፈው ቅዳሜ እህታቸው ለሁለቱም ሾርባ አቅርባ ወደ ኩሽና ተመለሰች። እሱ ቀደም ብሎ ቀመሰ፤ ጨው ጎድሎታል። መምህሩ ማንኪያውን አነሡ። ሊነግራቸው አፉን ሲከፍት ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩና እህታቸውን ተጣሩ፤ እስክትመጣም ማንኪያውን እንደያዙ ጠበቋት።

"እስኪ ቅመሺልኝ" አሏት፣ "ጨው አለው?"