ሊፍቱን ያስቆመችው ሙጫ

ሕንጻው ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ሙጫ» ነው የሚላት። ቅጽል ስሙ የወጣላት በሥራዋ ነው፤ ሴሎች የቆሙበትን ነገር እንዴት ጨብጠው እንደሚይዙ ታጠናለች። ሴል መስታወት ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በሆዱ በኩል ጥቃቅን መያዣዎች ያበጅና በፕሮቲን ክምር ይቸነከራል። ከፕሮቲኖቹ የትኛው ከታች፣ የትኛው ከላይ እንደተደረደረ ማወቅ ነው የእሷ ጉዳይ።

በተራ ማይክሮስኮፕ መያዣው የተድበሰበሰ ጠቃጠቆ ነው። አምስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ትልቁ ማሽን ግን ሌላ ዘዴ አለው። ፕሮቲኖቹ ላይ የተለጠፈው ቀለም በሌዘር ሲመታ አንዱ እዚህ፣ ሌላው እዚያ ብልጭ ይላል፤ ማሽኑ የእያንዳንዷን ብልጭታ ቦታ ለብቻ ይይዝና በመጨረሻ ሁሉንም ገጣጥሞ ምስል ይሠራል። ጣጣው፣ ብልጭታዎቹ ተለቅመው እስኪያልቁ ምንም ነገር ንቅንቅ ማለት የለበትም። ለዚህም ሴሎቹ ባረፉበት መስታወት፣ ማለትም ስላይዱ ላይ የወርቅ ብናኝ ይበተናል፤ ማሽኑ ብናኙን እየተከተለ ስክሪኑ ጥግ ላይ መስመር ያሰምራል። መስመሩ ቀጥ ካለ ሰላም ነው። ትንሽ ካዘመመ ኮምፒውተሩ ያቃናዋል። የሙጫ መስመር ግን ቁልቁለት ነበር፤ ምስሏም ነጥቡ ሁሉ ተጎትቶ ጅራት በጅራት።

ያልተወቀሰ ነገር አልቀረም። መጀመሪያ የጎረቤት ላብራቶሪ ፓምፕ ነው ተባለ፤ ለምና አስጠፋችው። ቀጥሎ ቴክኒሻኑ፣ ሁሉም ጋሼ የሚለው ሰው፣ ግድግዳውን በመዳፉ ደባበሰና ፈረደ፦

«ሊፍቱ ነው። ከዚህ ግድግዳ ኋላ እኮ ነው የሚወጣው የሚወርደው። ምዬ እነግርሻለሁ!»

የሕንጻውን አስተዳደር ደጅ ጠንታ፣ እሷ ስትሠራ ሊፍቱ እንዲቆም አስደረገች። ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ በደረጃ ነው። ደረጃው ላይ ያገኛት ሁሉ «አንቺ ሙጫ፣ ከሰው ጉልበት ጋር ምን አጣላሽ?» ይላታል። መስመሩ ግን ያው እንዳዘመመ ነው።

የላብራቶሪው ኃላፊ ጉልበታቸውን የሚያማቸው ፕሮፌሰር ናቸው። ጠዋት እያለከለኩ ገብተው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

«ስሚ ልጄ፣ ዛሬ የመጨረሻሽ ነው። ከነገ ጀምሮ ማሽኑን የልብ አጥኚዎቹ ይረከቡታል። አንድ ጥርት ያለ ምስል ካላሳየሽኝ ይህን ጥናት እንዘጋዋለን።»

«ፕሮፌሰር፣ ሦስት ዓመት የለፋሁበት እኮ ነው!»

«እኔስ ደረጃውን የወጣሁት ለመዝናናት ነው?»

ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ስላይድ ጅራት ሆነ። ሁለተኛውም ጅራት። «ኧረ በሕግ አምላክ!» አለችው ማሽኑን። ክፍሉ በኤሲ ብርድ ቤት ሆኗል፤ ማሽኑ የተቀመጠበት የብረት ጠረጴዛ ሥር፣ ከቤቷ ባመጣቻት ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ እግሯን እያሞቀች ሦስተኛውን ስታዘጋጅ ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናቸው።

«እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«እኔስ ምን ላይ ነኝ? ቁልፉን ውስጥ ረስቼ በር ላይ ተገትሬያለሁ። ነይ ክፈቺልኝ።»

«አሁን? ማሽኑን ትቼ?»

«ማሽን እግር የለው፣ የት ይሄዳል?»

«እማዬ፣ ችግሩ እኮ መሄዱ ነው!»

«አትቀልጂ። ደሞ ያቺን ማሞቂያሽን ነቅለሽ ውጪ፤ የሰው ሕንጻ እንዳታቃጥዪ።»

ቤታቸው ቅርብ ነው። ሦስተኛውን ስላይድ አስጀመረች፣ ማሞቂያውን ነቀለች፣ ወረደች፣ በሩን ከፈተች፣ ስለ ቁልፍ አያያዝ ምክር የሚገባቸው እናቷ ሆነው ሳለ ምክሩን ራሷ ሰምታ ተመለሰች። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሿ ቁርጥ ሲል ሊፍት ያስቆመውን ሰው ልትራገም አፏን ከፈተች፤ ማን እንደሆነ ትዝ አላትና መልሳ ገጠመችው።

ስክሪኑ ላይ ምስሉ ተጠናቋል። ጅራት የለም። መያዣዎቹ አንድ በአንድ ተለይተው፣ ፕሮቲኖቹ ከታች አንድ ረድፍ፣ ከላይ ሌላ ረድፍ ሆነው ቁጭ ብለዋል። ዓይኗን አሸች። አሁንም አሉ።

ለማረጋገጥ አራተኛውን ስላይድ አስገባች። እግሯ ቀዝቅዞ ነበርና ሳታስበው ማሞቂያውን ሰካች። ቀጥ ብሎ የጀመረው መስመር ጥቂት ቆይቶ አዘመመ። መስመሩን አየች። ወደ እግሯ አየች። ነቀለችው፤ መስመሩ ቀስ በቀስ ተቃና። ሰካችው፤ አዘመመ። የጠረጴዛው ብረት ከሥሩ እየሞቀ ሲለጠጥ ኖሯል፤ የእግሯ ምቾት ነው ማሽኑን ይዞት የሚሄደው።

«አይ አንቺ ሴትዮ!» አለች ለራሷ። «አይ አንቺ!»

ጋሼ በበሩ ብቅ አለ። ምስሉን ሲያይ ደረቱን ነፋ። «ታዲያስ! ሊፍቱ ነው ብዬሽ አልነበር?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ፕሮፌሰሩ ግድግዳ እየተደገፉ ደረሱ። ስክሪኑ ላይ አጎነበሱ፤ ጉልበታቸውን ረሱት።

«ይኸው! ይኸው እኮ ነው! በቃ፣ ጥናቱ ይቀጥላል። ማሽኑንም ከልብ አጥኚዎቹ ጋር ትካፈሊያለሽ።» ወደ ጋሼ ዞሩ። «ለአስተዳደሩ ንገርልኝ፤ ሊፍቱ ዓመቱን ሙሉ ይቁም። እኔም ብሆን በደረጃ እወጣለሁ።»

ሙጫ ማሞቂያውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ከጠረጴዛው ሥር አወጣችው። ከዚያ ወንበሯን ሳበችላቸው።

«ፕሮፌሰር፣» አለች፣ «መጀመሪያ ቁጭ ይበሉ።»