መርፌ ያልነካው ጎማ

ችግሩ በአንድ መስመር ይጻፋል፦ በሰዓት አራት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ለሚከንፍ መኪና የማይፈነዳ ጎማ መሥራት። መሐንዲሷ ይህቺን መስመር ደብተሯ ላይ ከጻፈች ሦስት ዓመት አለፋት። በዚህ ዓመት ብቻ ሰባት ጎማ ፈንድቶባታል፤ ሁሉም የመጨረሻው ፍጥነት ላይ በደረሱ በአራተኛው ደቂቃ።

ነገሩ ለምን እንደሚከብድ ለማየት አንድ ግራም ላስቲክ ይበቃል። በዚያ ፍጥነት ጎማው በሴኮንድ ስልሳ ጊዜ ይዞራል። ባቄላ የምታህል ቁራጭ ላስቲክ አምስት ኪሎ ያህል ከብዳ ወደ ውጭ ትጎትታለች። አስቡት፤ ጎማው ዙሪያውን ሙሉ እንደዚህ ባለ ባቄላ የተሸፈነ ነው! ሙቀቱም አለ። ጎማ መሬት በነካ ቁጥር ይታጠፋል፤ ሲታጠፍ ይሞቃል፤ ከመቶ ሠላሳ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ላስቲኩ ውስጡ ካለው የብረት ክር መላቀቅ ይጀምራል።

መሐንዲሷ ይህንን ካወቀች ወዲህ አርፋ ተቀምጣ አታውቅም። አውቶቡስ ውስጥ ባዶ ወንበር እያለ ትቆማለች። መንገድ ዳር የቆመ መኪና ካየች ጎንበስ ብላ ጎማውን በአውራ ጣቷ ትዳብሳለች፤ ባለመኪናው ሌባ መስላው የጮኸባት ጊዜም አለ። እናቷማ፣ "አንቺ ልጅ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ አለ እንዴ?" ማለት ከጀመሩ ቆይተዋል። እሾሁ ግን የሚታወቅ ነው። ያንን መኪና የሚነዳው ታናሽ ወንድሟ ነው፤ እሷ የጎማው ወረቀት ላይ ካልፈረመች ደግሞ መኪናው አይንቀሳቀስም።

ሰባተኛው ጎማ ሲፈነዳ የመሞከሪያው ክፍል ወፍራም መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጎማውን የሚያሽከረክረው ግዙፍ የብረት በርሜል እያጓራ ቆመ።

"ሰባት!" አሉ በርሜሉን የሚያዞሩት ማሽነኛ፣ ጆሯቸው ላይ የደፉትን መከላከያ እያወለቁ። "ደርዘን ስንሞላ ምርቃት አለው?"

"ጋሼ፣ እባክዎን!"

የዚያን ቀን ስብሰባ ጥፋቱን መጋጠሚያው ላይ ጣለው። የጎማው የላይኛው ንጣፍ እንደ መቀነት ተጠምጥሞ ጫፍና ጫፉ በእጅ ይገጣጠማል። የሚገጥሙት ደግሞ ሠላሳ ዓመት እዚያው የሠሩት ጎማ ሠሪዋ ናቸው። ወሬው ጆሯቸው ደረሰና ሽርጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ከተፍ አሉ።

"የማን እጅ ሥራ ነው የሚፈነዳው?"

"ማንም ስምዎን አልጠራም…"

"ስብርባሪውን አምጪው!"

ወለሉ ላይ ተንበርክከው ቁርጥራጩን አንድ በአንድ ደረደሩት፤ ጎማውን የሠሩት እሳቸው ናቸውና የትኛው የት እንደነበር ለማወቅ አልተቸገሩም። ከዚያ አንዱን ቁራጭ አንስተው ሰጧት። "መጋጠሚያዬ ይኸው። ከፈለግሽ በጥርስሽ ሞክሪው።" በእርግጥም ደህና ነበር። ቅዳዱ የጀመረው ልክ ከመጋጠሚያው ትይዩ፣ በሌላኛው ወገን ነው። "እዚህ ጋ ምን አድርገሽው ነው?"

መሐንዲሷ ደነገጠች። "መርፌ እወጋዋለሁ። አራት መቶ ላይ ማሽኑን አቁመን የውስጡን ሙቀት የምለካው በመርፌ ነው።"

"ለምን እዚህ ጋ?"

"መጋጠሚያዎን እንዳልጎዳብዎት ብዬ።"

ጎማ ሠሪዋ ሳቃቸውን ለቀቁት። "ደግ ልጅ! እኔን ላክብር ብለሽ ጎማውን ገደልሽው!"

መርፌው ክር ቢያህል ነው። ላስቲክ ደግሞ ተወግቶ ሲለቀቅ ቀዳዳውን የሚደፍን ይመስላል። ይመስላል እንጂ አይደፍንም፤ ያ ሁሉ ኪሎ ግራና ቀኝ ሲጎትተው ቀዳዳዋ የቅዳድ በር ትሆናለች። ሰባቱንም ጎማ ያፈነዳው የእሷ ጥንቃቄ ነበር።

ስምንተኛው ጎማ መርፌ አልነካውም። በአራት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ፍጥነት አሥር ደቂቃ ዞሮ ደህና ወረደ። ወንድሟ በማግስቱ የጎማውን ወረቀት ይዞ መጣ።

"እትዬ፣ አለፈ አይደል?"

"አለፈ።"

"ታዲያ ፈርሚያ! ለፍጥነት ውድድሩ አሥራ አንድ ቀን ነው የቀረን።"

"ውስጡ ስንት ዲግሪ እንደደረሰ አላውቅም።"

"አልፈነዳም እኮ!"

"እዚህ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ አልፈነዳም። አንተ የምትነዳው ፀሐይ ሲቀቅለው በዋለ አስፋልት ላይ ነው። ለመላቀቅ አምስት ዲግሪ ይቅረው ሃምሳ በምን አውቃለሁ?"

"ሠርግሽንም ሁለት ጊዜ ያስተላለፍሽው በዚሁ ጠባይሽ ነው!"

"ባሌ እስካሁን ፈንድቶ ያውቃል?"

ሳቁ አመለጠው፤ ከዚያ ፊቱን አኮሳተረ። የውድድሩን ቀን ለዓመታት ጠብቆታል። "ካልፈረምሽ ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው" ብሎ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትቶላት ወጣ።

አሁን የምትሞክረው ሳይወጉ መለካት ነው። ሙቀትን ከሩቅ የምታነብ፣ የሩዝ ፍሬ የምታክል ዓይን አግኝታለች። መጀመሪያ ጎማው ውስጥ፣ ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት ማለትም ቸርኬው ጀርባ ላይ ለጠፈቻት፤ ሽክርክሪቱ ነቅሎ ወሰዳት። ሙጫ ለወጠች፤ ሁለተኛዋም ሄደች። ከዚያ ነገሩን ገለበጠችው። ያቺ ዓይን ከመሐል፣ ከቸርኬው ሆድ በኩል ብትገባስ? ያኔ ወደ ውጭ የሚጎትታት ኃይል ራሱ ቸርኬው ላይ አጣብቆ ይይዛታል!

"ቀዳዳ አልሰለቸሽም?" አሉ ጎማ ሠሪዋ፣ ሊያዩ መጥተው።

"አዲስ አልበሳሁም። በነፋስ መሙያው ቀዳዳ ነው ያስገባኋት።"

አምስት ቀን ቀርቷል። በርሜሉ መዞር ጀምሯል። መሐንዲሷ መስታወቱ ሥር ቆማ እርሳሷን በጣቶቿ መሐል ታሽከረክራለች።

"ሦስት መቶ ሃምሳ" አሉ ማሽነኛው። ስክሪኑ ላይ ሰማንያ ስምንት ዲግሪ ይነበባል። "አራት መቶ።" ቁጥሩ ጠፋ፤ ተመልሶ መጣ፦ መቶ አራት። ጻፈችው።

"ልጨምር?"

"ይጨምሩ፣ ጋሼ። ቀስ እያሉ።"