በበር የወጣው ውሃ

እናቴ አንድ ሕግ ነበራት፤ ውሃ ከቤታችን በበር አይወጣም። እህል የታጠበበት ዕቃ ያጥባል፣ ዕቃ የታጠበበት እግር ያጥባል፣ የእግሩ እጣቢ ደግሞ በጓሮ ዞሮ ጎመኑ ሥር ይፈስሳል። ለእኔ ለቅብጥብጧ ይሄ እስር ቤት ነበር። አንድ ጭላጭ ከደፋሁ «አንቺ! ምንጩ ጓሮሽ ነው እንዴ የሚፈልቀው?» ትለኛለች።

በዚያ ዓመት በልጉ ቀርቶ፣ ከቆላ የተሰደደው ረሃብተኛ ከተማችንን መካነ ሰላምን ሞልቷት፣ ምንጩ ክር አክሎ ነበር የሚወርደው። ሰልፉ ላይ ጎረምሶቹ ከሬዲዮ የሰሙትን ይዘው ይሟገታሉ፤ ሚኒስትሮቹ ታሰሩ፣ ወታደሩ ተነሣ፣ ንጉሡ ምን ይሆኑ ይሆን? እኔ የምሟገተው ለእንስራዬ ተራ ነው። ለመንግሥቱ ሌላ ተሟጋች አይጠፋም!

እግሬ አንድ ቦታ አልረጋ ያለው ወድጄ አይደለም። ታናሽ ወንድሜን ተቅማጥ ይዞት ዓይኑ ወደ ውስጥ ሰርጉዶ ነበር። እናቴ ውሃ እያፈላች፣ እያበረደች በማንኪያ ታጠጣዋለች። ውሃው ካለቀ ልጁ አለቀ ማለት ነው። ሰልፍ ላይ ሆኜ ቤት ያለሁ ይመስለኛል፤ ቤት ስገባ ደግሞ ልቤ ሰልፉ ላይ ነው።

ከአጥሩ ወዲያ አንዲት ሙስሊም ጎረቤት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር፤ እማማ ነው የምላቸው። ለሶላት ውዱ ሲያደርጉ በአጥሩ ክፍተት ጎንበስ ብለው የሚታጠቡት የእኛ ጎመን ላይ ነው፤ ውሃው በከንቱ እንዳይፈስ። «ጎመናችሁ ሰለመ» እያሉ ይስቃሉ። እናቴም «ይስለም፣ ብቻ አይድረቅብኝ!» ትላቸዋለች።

አንድ ቀን እናቴ የወንድሜን ጨርቅ ያጠበችበትን ውሃ እንደ ሕጓ ወደ ጎመኑ ይዛ ስትሄድ እማማ ከወዲያ ጮኹ።

«ተይ! ተይ አንቺ ሴት! የበሽታ እጣቢ ለጎመን? ነገ ይቺ ልጅ ልትበላው?»

«ታዲያ ልድፋው እትዬ? በዚህ ዘመን?»

«ጉድጓድ አስቆፍሪና ቅበሪው፤ አመድ አልብሺው። ምንጩ አጠገብማ ዝር እንዳይል። እኔ ሁለት ልጆቼን የቀበርኩ ይሄን ሳላውቅ ነው።»

እናቴ፣ መልስ የማያጥራት ሴት፣ ዶማውን አቀበለችኝ። ጉድጓዱን እኔ ቆፈርኩ። ውሃው ወደ መሬት ሲሰርግ ማየት አልቻለችምና ፊቷን አዞረች።

ከዚያ በኋላ፣ ያለን ውሃ ሁሉ ለወንድሜና ለጨርቁ ስለሆነ፣ ለጎመኑ የቀረለት የእማማ የውዱ ውሃ ነበር ማለት ይቻላል። እሱም ቆመ። ቅጠሉ ሲጠወልግ ታመሙ እንዴ ብዬ በአጥሩ ባሾልቅ፣ እማማ መዳፋቸውን ደረቅ አፈር ላይ መታ አድርገው ፊታቸውን፣ ቀጥሎም እጃቸውን ያብሳሉ።

«ምን እያደረጉ ነው እማማ?»

«ተየሙም ነው ልጄ። ውሃ ሲጠፋ በአፈር ይፈቀዳል።»

ውሃ ግን አልጠፋም! ማንቆርቆሪያቸው እንደ ሞላ አጠገባቸው ተቀምጧል። አንሥተው በክፍተቱ አቀበሉኝ።

«ለወንድምሽ ነው። ለእኔ አፈር ይበቃኛል፤ ልጅ አፈር አይጠጣም። እናትሽን አብሽሪ በያት።»

እኔ ምሥጢር የሚቋጥር ሆድ የለኝም፤ ቤት ሳልገባ ገና ከደጅ ጮኼ ለእናቴ ነገርኳት። ተቆጥታ ልትመልስላቸው ሄደች፣ አልቅሳ ተመለሰች። ማንቆርቆሪያው በየቀኑ በአጥሩ መምጣቱን አልተወም። ጎመናችን ደረቀ። ወንድሜ ግን አንድ ጠዋት «እርቦኛል» አለ፤ በዚያ የረሃብ ዓመት እንደዚያ ያስደሰተን ቃል አልነበረም።

እማማ ያን ሰሞን ወደቁ። ከረሃቡ ብዛት የቀራቸው አጥንት ነበርና ብዙም አልታገሉም፤ አረፉ። ለአስከሬናቸው ማጠቢያ የሚሆን ውሃ ሰፈሩ ውስጥ ጠፋ። ሼሁ ደጃቸው ላይ ቆመው ቢያስቡ ቢያስቡ ቸገራቸው፤ «እንግዲህ ተየሙም ይደረግላቸው፤ ይፈቀዳል» አሉ። ልክ ነበሩ፤ የተቃወመም የለም። እኔ ግን ከቤት ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ ቤት እላለሁ።

እናቴ ብድግ አለች። ጥግ ላይ ያለውን እንስራ፣ ያለንን ውሃ በሙሉ፣ አዝላ በበር ወጣች።

«ለእኔ ልጅ ብለው በአፈር ሲታጠቡ ከርመዋል» አለቻቸው ሼሁን፤ «ዛሬ በውሃ ይታጠባሉ።»

ሼሁ አንገታቸውን ደፍተው ከበሩ ዞር አሉላት።

ቤት ስመለስ ወንድሜ ከመደቡ ላይ «ውሃ» አለኝ። በእማማ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ጭላጭ ቀርታ ነበር፤ አጠጣሁት። ከዚያ ባዶውን እንስራ ከእናቴ ተቀብዬ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ወደ ምንጩ ሮጥኩ።