ሳቢሳና የሌሊት ወፍ

ባለፈው ግንቦት ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣ ስመለስ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳና ወንዝ ዳር ወረድን። ወንዙ ደርቆ ውሃው እዚህም እዚያም ኩሬ ሆኖ ቀርቷል። አንዱ ኩሬ ውስጥ እግሯ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ የውሃ ወፍ፣ ሳቢሳ፣ አንገቷን ሰብስባ ቆማለች። ሾፌሩ ጎማ እስኪቀይር እሷን ሳይ አባቴ ትዝ አሉኝ።

ጊዜው የንጉሡ ዘመን ነው፤ አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። አባቴ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ ደብር ቄስ ነበሩ። በሰፈራችን ያን ያህል የተማረች ሴት ልጅ አልነበረችም። ፃግብጂ የሚባል አገር ሰዎች እኔን ለልጃቸው ፈልገው ሽማግሌ እንደሚልኩ አስታውቀዋል፤ አባቴ እሺም እንቢም አላሉም ነበር።

አንድ ቀን መምህራችን ሳቢሳንና የሌሊት ወፍን ሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ሣለና አወዳድሩ አለን። እኛ ስለ እግርና ስለ ምንቃር ተንጫጫን። እሱ ግን ሳቢሳ ላባ አላት፣ እንቁላል ትጥላለች፤ የሌሊት ወፍ ጠጉር አላት፣ ወልዳም ታጠባለች፤ ስለዚህ ብትበርም ወፍ አይደለችም አለን።

ማታ የገብስ ቂጣ በእርጎ እየበላን ይህንኑ አወራሁ። የአባቴ እጅ ገበታው ላይ ቀረ።

«መጽሐፍ ሁለቱንም ከወፎች ጋር ቆጥሯቸዋል። መምህርሽ ከመጽሐፍ ይበልጣል?»

«ያስተማረንን ነው፣ አባባ።»

«እንዲህ ከሆነ የተማርሽው ይበቃል። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይምጡ።»

እናቴ ስትቆጣ የሚቀናት የአገራችን ቋንቋ ኽምጣና ነበር፤ ያን ምሽት ግን ገበታውን አንሥታ የጠላውን ጋን ታጥብ ጀመር። በማግስቱ ጠላ ጠነሰሰች። እኔ ውሃ ስቀዳ የክፍል ጓደኞቼ ሲያልፉ ፊቴን አዞር ጀመር።

ያን ሰሞን ክረምት ሳይገባ የቤተ ክርስቲያኑ የሣር ክዳን ይለወጥ ነበር። ዓርብ ከሰዓት አባቴ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ጽድ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«ነይ፣ ቅረቢ» አሉና የነጠላቸውን ጫፍ ገለጡልኝ።

ከአሮጌው ሣር ጋር የወደቀች የሌሊት ወፍ ነበረች። ጠጉር ያላበቀለ፣ አውራ ጣት የሚያህል ልጇ ጡቷን ይዞ ደረቷ ላይ ተጣብቋል። ልቧ ሲመታ ይታያል። ሁለታችንም አጎንብሰን አየናት።

«ታጠባለች» አሉ ቀስ ብለው።

«አዎ፣ አባባ።»

«መጽሐፍ አትብሏቸው ነው ያለው። ስለ ጡት አልተናገረም። ያላለውን የጨመርሁበት እኔ ነኝ።»

ተነሡና ከነልጇ ግንቡ ስንጥቅ ውስጥ አስገቧት።

እሑድ ሽማግሌዎቹ መጡ። አባቴ ጠላውን አስቀዱላቸውና «ልጄ ገና እየተማረች ነው» አሉ።

«እስከ መቼ፣ አባ?» አሉ አንዱ።

«እስክትጨርስ።»

ጠላው ጥሩ ስለ ነበር ይሆናል፣ ብዙም ሳይከፋቸው ጠጥተው ሄዱ። እናቴ ጓዳ ውስጥ ስታለቅስ ሰማኋት፤ ከደስታ ይሁን ከድካም አላወቅሁም። ሰኞ ክፍል ገባሁ። እያደርሁም አስተማሪ ሆንሁ።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ያን ቃላቸውን ማጠፍ ምን ያህል እንደ ከበዳቸው፣ የፃግብጂ ሰዎች በኋላ ምን እንዳሏቸው አልጠየቅኋቸውም። በእኛ ቤት ልጅ አባቷን እንዲህ ያለ ነገር አትጠይቅም ነበር። ዛሬ እኔ እሳቸው ካረፉበት ዕድሜ አልፌአለሁ። ልጆቼ ሲመጡ ስለ ጤናዬና ስለ መድኃኒቴ ይጠይቁኛል፤ እመልስላቸዋለሁ። ሌላም ቢጠይቁኝ እያልሁ ሻዩን ደግሜ እቀዳለሁ።